ስልኩ ዝም አለ፤ ቬሎው ሰጠመ!

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም፣ ስለ ውሃ ፓምፕ ነው የማወራው ብዬ ነበር ብዕሬን ያነሳሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ፍቅር ራሱ ፓምፑ መሐል ገብቶ ተገኘ! እሺ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እንያቸው።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ከቤታችሁ ርቃችሁ ሳለ ቤታችሁ ውሃ ቢገባበት ማን ይነግራችኋል? «ስልኬ!» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ዘመኑ የስልክ ነዋ! በስልክ ገንዘብ ይላካል፣ በስልክ ይታጫል፣ በስልክ ይጣላል። አሁን ደግሞ ቤትም በስልክ ይጠበቃል። እኔ ነገሩን አልጠላሁትም። ነገር ግን ስልኩ ዝም ሲልስ? ዝም ያለው ቤቱ ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ ጠባቂው ራሱ ስለሞተ? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ቤዝመንቱና ዝናቡ

ክብረ መንግሥት ውስጥ፣ ከፈለጋችሁ አዶላ በሏት፣ ፎቅ ሲሠራ ከስር ቤዝመንት የሚያወጣ አለ። ኪራዩ ከላይኛው ስለሚቀንስ ጀማሪ ነጋዴ ይወደዋል። ችግሩ ውሃው ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ዝናብ ሲባል ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚታያችሁ። ወደ ጉጂና ቦረና ስትወርዱ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በኦሮምኛ «ገና» ይባላል፤ የልደቱ በዓል እንዳይመስላችሁ! ሁለተኛው «ሀገያ» ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ካለው የሠርግ ወቅት ጋር ይገጥማል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ቆይታ ትመጣለች።

ቤዝመንት ከመሬት በታች ነው። ዙሪያውን ያለው አፈር ውሃ ሲጠግብ የተረፈው በግድግዳውና በወለሉ ይሰርጋል። ስለዚህ ብልህ የሆነ ባለቤት ከወለሉ ዝቅ ባለው ጥግ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ውሃው ወደዚያች ይወርዳል፤ ጉድጓዷ ውስጥ የተቀመጠች ፓምፕ ደግሞ በቱቦ ወደ ውጭ ትተፋዋለች። ፓምፗ ፍሎተር አላት፤ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምታዩት ዓይነት ተንሳፋፊ ማለት ነው። ውሃው ከፍ ሲል ይነሳና ፓምፗን ያስነሳታል፣ ሲጎድል ይወርድና ያጠፋታል። ለአዶላ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወርቅ የቆፈረ ሁሉ የጉድጓዱ ውሃ ካልወጣ ወርቁም እንደማይወጣ ያውቀዋል።

«ዝም ካለ ደህና ነው»

እንግዲህ ወደ ሁለቱ እጮኛሞች ልውሰዳችሁ። ስማቸው ይቆየን። አንድ ቤዝመንት ተከራይተው የቬሎና የሱፍ ኪራይ ከፈቱ። ሥራው ያዘላቸው። እሱ የዘመኑ ልጅ ነውና ፓምፗን በስልኩ የሚጠብቅበት ዘዴ አበጀ። ፓምፗ የምትሰካበትን ሶኬት «ስማርት» በሚባለው ቀየረው፤ መቼ እንደሠራችና ምን ያህል መብራት እንደወሰደች ስልኩ ላይ ያያል። ከጉድጓዷ አፍ ላይ ደግሞ ውሃ ሲነካት የምትጮህ፣ በዋይፋይ መልእክት የምትልክ ጠቋሚ ሰቀለ። ሶኬቱም ጠቋሚዋም በሱቁ ዋይፋይ ነው የሚሠሩት።

በሠርግ ወቅት አዲስ ቬሎ ሊገዛ አዲስ አበባ ወጣ። አርብ ማታ እዚህ ዝናቡ ወረደ። እሷ ደወለችለት።

«ልውረድና ልየው እንዴ?»

«ምን ያስጨንቅሻል፣ ተኚ። ስልኬ ዝም ብሏል። ዝም ካለ ደህና ነው።»

ተኛች። ጠዋት በሩን ስትከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። ረጅሞቹ ቬሎዎች ጫፋቸው ጭቃ ጠጥቶ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ለእሑድ ሙሽሮች የተያዙ ናቸው! ሁለቱ ልጆች መጥተው ሲያዩ ያለቀሱትን ልቅሶ እስካሁን የሠፈሩ ሰው ያወራዋል።

ከዚያማ ጠቡ ተነሳ። «እዚያው ከተማ ሆነሽ እንዴት አትወርጂም?» አላት በስልክ። «አንተ አይደለህ ተኚ ያልከኝ!» አለችው። እኔ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርኳቸው። እሱ «ከሷ ይልቅ ዕቃውን ማመኔ ነው ያናደዳት» አለኝ። እሷ ደግሞ «ቬሎው ይታጠባል፤ እኔ የምለው ከስልኩ በታች መሆኔ ነው ያቃጠለኝ» አለችኝ። ቀለበቷን አውልቃ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሌሊት ምን ሆነ?

ነገሩ ቀላል ነው። ዝናቡ ከነፋስ ጋር መጣ፣ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ፓምፗ ቆመች። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ጠቋሚዋ የራሷ ትንሽ ባትሪ ስላላት ውሃው ሲደርስባት ባዶ ቤት ውስጥ ጮኻለች። መልእክቷን ግን በምን መንገድ ትላከው? ፓምፗን የገደለው ያው መብራት ጠባቂዋንም አብሮ ገደለው። ፓምፗ በጣም የምታስፈልገው በዶፍ ቀን ነው፤ መብራት የሚጠፋውም በዶፍ ቀን ነው። የብዙ ሰው ሂሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ወዳጆቼ።

«እንግዲያው ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ባትሪ ያለው ጠቋሚ ልግዛ» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፣ ከዋይፋዩ በብዙ ይሻላል። መብራት ቢጠፋም በአጭር መልእክት ወይም በጥሪ ይነግራችኋል። ነገር ግን ሲሙ ካርድ ካልተሞላለት፣ ወይም ኔትወርክ ከሌለ እሱም ዱዳ ነው። በስልካችሁ አፕ ብቻ የምትተማመኑ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታውሱ። ያን ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ፓምፕ ግን ሦስት ሳምንት አይጠብቅም!

ስለዚህ መፍትሔው ዝምታን ማመን መተው ነው። ጥሩ ጠቋሚ ችግር ሲመጣ ብቻ አይጮህም፤ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት «አለሁ፣ ደህና ነኝ» የሚል መልእክትም ይልካል። ያ መልእክት በሰዓቱ ካልመጣ ዝምታው ራሱ ደወል ነው ማለት ነው። ያኔ «ደህና ነው» ብላችሁ አትተኙም፤ «ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?» ብላችሁ ሰው ትልካላችሁ። አገር ቤት ያለች እናታችሁ ማታ ማታ የምትደውል ከሆነ፣ አንድ ቀን ሳትደውል ስትቀር የሚሰማችሁን አስቡት። ያው ነው።

መልእክቱ ደረሰ፤ ማን ሄደ?

ሁለተኛው ቁም ነገር ከመጀመሪያው ይብሳል። መልእክቱ ቢደርስስ? ልጁ አዲስ አበባ ነው። ስልኩ ቢጮህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ውሃ በምን ይቀዳል?

ይህን ጉዳይ ጎረቤቶቻችን በደንብ ፈትነውታል። ኬንያ ውስጥ በኪቱይ አካባቢ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእጅ ፓምፕ እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚቆጥር፣ በሞባይል የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ከተቱ። ከጎኑም ወዲያው የሚንቀሳቀስ የጥገና ቡድን አቆሙ። ቀድሞ በአማካይ 27 ቀን ይፈጅ የነበረው ጥገና ከ3 ቀን በታች ወረደ።

ሩዋንዳ ላይ ደግሞ 181 የእጅ ፓምፖች በሦስት ተከፍለው ታዩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። እንደወትሮው የተተዉት የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን 152 ቀን ገደማ ወሰደባቸው። ጠጋኝ በየጊዜው እየዞረ የሚያያቸው 57 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። መሣሪያው ሲናገር ጠጋኝ የሚላክላቸው ግን በ21 ቀን ገደማ ተጠገኑ። በአማካይ ከመጀመሪያዎቹ 68 በመቶ፣ ከመጨረሻዎቹ 91 በመቶ ይሠሩ ነበር። በእኛም አገር በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በሞተር የሚሠሩ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ላይ እንዲህ ያሉ ጠቋሚዎች ተገጥመው ነበር።

ልብ በሉ! መሣሪያው አንድም ብሎን አላጠበቀም። የጠገነው ሰው ነው። መሣሪያው የሠራው ሰውየው የት መሄድ እንዳለበት መንገር ብቻ ነው። የሚሄድ ሰው ከሌለ ጠቋሚ ማለት ሌሊት የሚያስጨንቅ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው።

ይህን ቦረናዎች ሳይንሱ ሳይመጣ ያውቁታል። «ቱላ ሳግላን» የሚባሉት ዘጠኙ ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። ወጣቶች በየደረጃው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። የዕለት ተዕለቱን ሥራና ተራ የሚመራው «አባ ሄረጋ» የሚባል ሰው አለ። ውሃ ጎደለ፣ ተራ ተዛባ ቢባል ማን እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል። እናንተስ ቤት የፓምፗ አባ ሄረጋ ማነው?

የእጮኛሞቹም ጠብ ሥሩ ይኸው ነው። እሱ ጠባቂ ገዛ እንጂ ጠባቂ አልሾመም። እሷ ልትወርድ ተነስታ ነበር፣ መለሳት። ወንድሜ፣ የቬሎውን ሂሳብ ተወውና አስቀድመህ «አንቺን ማመን ነበረብኝ» በላት። አንቺም እህቴ፣ ስልኩን የገዛው ንቆሽ ሳይሆን ለሱቃችሁ ፈርቶ እንደሆነ አስቢለት። በነገራችን ላይ ከሌላ ቤት ቬሎ ተከራይተው ሁለቱን ሙሽሮች ለእሑድ አልብሰዋቸዋል። ተኮራርፈውም ቢሆን አብረው ነው የሮጡት። ቀለበቱ ግን እኔ ይህን ስጽፍ እስካሁን ከመሳቢያው አልወጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕቃ ስትገዙ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «መብራት ሲጠፋ ይቺ ዕቃ ምን ታደርጋለች?» ሲንተባተብ ካያችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ። ሲም የሚገባበት ከሆነ ሁልጊዜ ካርድ ይኑረው፤ መልእክቱም ቢያንስ ለሁለት ስልክ ይድረስ፣ አንዱ እዚያው ሠፈር ያለ ሰው ይሁን። አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃልም ቀይሩት።

ሁለተኛ፣ ለዚያ ሰው ቁልፍ ስጡት። ቁልፍ የሌለው ጠባቂ በር ላይ ቆሞ የሚያዝን ጎረቤት ነው። ምን ማድረግ እንዳለበትም አሳዩት፦ የቱን ማጥፋት፣ የቱን ዕቃ ቀድሞ ማንሳት።

ሦስተኛ፣ ስማርት ሶኬቱን ማንበብ ልመዱ። ዶፍ እየወረደ ፓምፗ ጨርሶ ካልተነሳች ችግር አለ። ዝናቡ ካቆመ ከረጅም ጊዜ በኋላም ሳታቋርጥ የምትሠራ ከሆነ ወይ ፍሎተሩ ተይዟል፣ ወይ የተፋችው ውሃ ተመልሶ እየገባባት ነው፣ ወይ መምጠጫዋ በጭቃና በፌስታል ታፍኗል።

አራተኛ፣ አቅም ካላችሁ ባትሪና ኢንቨርተር አስቀምጡ፤ ግን ሂሳቡን እወቁት። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የመኪና ዓይነቱን ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው የምትጠቀሙት 600 ያህሉን ነው። 500 ዋት የምትበላ ፓምፕ በዚህ ሳታቋርጥ አንድ ሰዓት ገደማ ብትሠራ ነው። እየበራች እየጠፋች ከሠራች ግን ሌሊቱን ልታሻግራችሁ ትችላለች። ሞተር ሲነሳ ከተለመደው በላይ ኃይል ይስባልና ኢንቨርተሩ ሰፋ ያለ ይሁን።

አምስተኛ፣ ይቺን በቀልድ አትለፏት። ቤቱ ውሃ ከገባበት መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፉ አትግቡ፤ ወደ ቆጣሪው መድረሻውም ውሃ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ጄነሬተር ደግሞ ቤዝመንት ውስጥም ሆነ መስኮት ሥር አታስነሱ። ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ቬሎ ይታጠባል፣ ሰው ግን አይተካም።

ስድስተኛ፣ የምትተፉትን ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁት። የፓምፗ አባ ሄረጋ እንዲሆንላችሁ የምትለምኑት እኮ ያንኑ ጎረቤት ነው!

በመጨረሻ ብር የማያስወጣ ምክር ልስጣችሁ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በየወሩ አንድ ቀን፣ ጉድጓዷ ውስጥ ፍሎተሩ እስኪነሳ ድረስ በባልዲ ውሃ አፍስሱ። ፓምፗ ተነሳች? ውሃው ወጣ? ስልካችሁ ነገራችሁ? አሁን ደግሞ ዋናውን መብራት አጥፉና ጠቋሚዋን ውሃ አስነኳት። አሁንም ነገረቻችሁ? ከነገረቻችሁ እሰየው። ካልነገረቻችሁ ደግሞ ሙሽራ ሳያለቅስ በፀሐይ ቀን ማወቃችሁ ትልቅ ነገር ነው።

በሉ ሳምንት እስክንገናኝ ቤታችሁ ደረቅ፣ ፍቅራችሁ ለምለም ይሁን። ቸር ይግጠመን!