ነባሩና ዐዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ፤ ስለ ስያሜዎቹ አተረጓጐም

የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው የሚጠየቀው ስለ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ስለ ተሸከመው ጽንሰ ሐሳብ ጭምር ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ስያሜዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

ኢንተርኔት ዛሬ የሚሠራው በሁለት የአድራሻ ሥርዓቶች ነው። አይ ፒ 4 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1981 የተደነገገ ሲሆን የአድራሻው ርዝመት 32 ቢት ነው፤ ስለዚህ የአድራሻዎቹ ብዛት ከ4,294,967,296 አያልፍም። ከማእከላዊው መዝገብ የሚታደለው ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 ተሟጧል። አይ ፒ 6 የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ቀርቦ በ2017 ሙሉ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ ርዝመቱም 128 ቢት ነው።

አይ ፒ 6ን «የተሻሻለ እትም» ብሎ መተርጐም ቀና ይመስላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። የአንድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም የመጀመሪያውን በውስጡ ይይዛል። አይ ፒ 6 ግን አይ ፒ 4ን አይዝም። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ኮምፒዩተር ሌላውን ብቻ ከሚያውቀው ጋር፣ በመካከላቸው የሚያስተረጉም መሣሪያ ከሌለ በቀር፣ ሊገናኝ አይችልም። የሁለቱ ዝምድና የሁለት እትሞች ሳይሆን የሁለት ቋንቋዎች ዝምድና ነው። «እትም» የሚለውን አምኖ ነባሩን አድራሻ የሚሰርዝ የድረ ገጽ ባለቤት፣ በአይ ፒ 4 ብቻ የሚጠቀሙ አንባብያኑን በር ይዘጋባቸዋል።

በመሆኑም ብዙ ድረ ገጾች ሁለቱንም ይይዛሉ። የድረ ገጹ ስም አንድ ሆኖ በስም መዝገቡ ውስጥ ሁለት ዐይነት አድራሻ ይሰፍርለታል፤ ጠያቂው ኮምፒዩተርም የሚችለውን ይመርጣል። ይህን አሠራር «ጥምር ሥርዓት» ማለት ሁለቱ የተዋሐዱ ያስመስላል። «ጥንድ ሥርዓት» የሚለው ይሻላል፤ ጥንድ በሬዎች ጐን ለጐን ይሄዳሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

አይ ፒ 4ንም «አሮጌ» ወይም «ጊዜ ያለፈበት» ማለት አይገባም፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነውና። «ነባር» የሚለው ቃል ቀደምትነትን ከነዋሪነት ጋር አስተባብሮ ስለሚይዝ ጽንሰ ሐሳቡን በሚገባ ይገልጻል።

እንግዲህ «ነባር አድራሻ»፣ «ዐዲስ አድራሻ» እና «ጥንድ ሥርዓት» የተባሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል። የተሻለ አቻ ያላቸው ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉ ሥራው ይዳብራል።