የጉለሌ ደም በኤዲንብራ ልክ

ወረቀቱ ባለ ቀለም ነው። ከላይ ግማሽ ክብ መለኪያ ተስሎበታል፤ ቀስቱ ብርቱካናማው ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ «የአንጎል ዕድሜ 74» ይላል። የሰውየው ዕድሜ 63 ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ አባት ናቸው። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በመንገደኛ የላከችውን ካርድ፣ ጣታቸውን ተወግተው በደም ጠብታ ሞልተው መልሰው ልከውላት ኖሯል። ወንድ ልጃቸው ውጤቱን አሳትሞ ይዞ መጣና «ዶክተር፣ እዚህስ ይሠራልን ይሆን?» አለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና አላረምኩትም። አባትየው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከሸማው አስነሱኝ እኮ።» ልጆቹ አንጎላቸው አርጅቷል ብለው ከሥራ ለይተዋቸዋል። የደም ግፊት ተለክተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አያውቁም። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም።

በላቦራቶሪ መስኮት ከሚሰሙኝ ቃላት ሁሉ የሚያሰለቸኝ «ሙሉ ምርመራ ሥሩልኝና ያለብኝን ልወቅ» የሚለው ነው። ደም እንደ ጠንቋይ ሳይጠየቅ ሁሉን የሚናገር ይመስለናል። ስለ ስኳር ብትጠይቀው ስለ ስኳር ይመልሳል፤ ሌላ ነገር ከፈለግህ ሌላ ጥያቄ ማቅረብ አለብህ፤ ጥያቄው ካልበሰለ መልሱም አይበስልም። ትኩሳት ባየን ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ» ስንል የኖርን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። አሁን ደግሞ ተራው የአንጎል ሆነ።

ያ ወረቀት የመጣበት፣ ኤፒጄኔቲክ የሚባለው ምርመራ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። የሚያነበው በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉትን የሜቲል ምልክቶች ነው፤ እነሱም በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በበሽታና በምግብ ይለዋወጣሉ። በዘርፉ ከሚጠቀሱት ጥናቶች ዋነኛውን ልውሰድ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ9,162 ስኮትላንዳውያንን ደም መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። ምልክቶቹ በጅምላ ሲታሰቡ በሰዎች መካከል ካለው የማሰብ ችሎታ ልዩነት 35 በመቶ ያህሉን እንደሚገልጹ አገኙ። ለማስታወቂያ የምትመቸው ይህች ቁጥር ናት። ከዚያው ጥናት የወጣው መተንበያ በሌሎች ሁለት ቡድኖች ላይ ሲሞከር ግን የገለጸው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሺህ ሰው ሰብስቦ የበሽታን መንገድ ለሚከታተል ተመራማሪ 4 በመቶ ቁም ነገር ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ «አንተ እንዲህ ነህ» ለሚል ግን ቀሪው 96 በመቶ ከወረቀቱ ውጭ ነው።

ደግሞም የተመረመረው አንጎል አይደለም። ለምርመራ ብሎ የአንጎሉን ቁራጭ የሚሰጥ ሕያው ሰው ስለሌለ የተጠየቀው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የሜቲል ምልክት አለው። የአንዱ ዓይነት ድርሻ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አንጎሉ ሳይነካ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ለማረም ይሞክራሉ። እርማቱ የሚነሳው ግን ከእነማን ደም ነው?

ይህን ለመረዳት ኤዲንብራ መሄድ አያስፈልግም፤ ፓስተር ይበቃል። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው፣ የሰፈራችን የጉለሌ ሰው ግን አሁንም ፓስተር በሚለው ግቢ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ሥራው የ485 ጤነኛ ሠራተኞችን ደም መረመረ፤ ከእነሱም የ142ቱን ነጭ ሕዋሳት በዓይነት በዓይነት ለይቶ ከ1,356 የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ጋር አነጻጸረ። ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን፣ ሲዲ4 የተባለው የነጭ ሕዋስ ዓይነት አማካይ ቁጥራቸው 775 ሆኖ ተገኘ፤ ከኔዘርላንድሶቹ በግልጽ ያነሰ ነው። ሲዲ8 የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ አለ። በአውሮፓ ልክ ብቻ ብንፈርድ ኖሮ፣ በጤናው ሥራውን የሚሠራውን ሰው የመከላከል አቅሙ እንደደከመ አድርገን እንመዘግበው ነበር።

ምክንያቱስ? ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያንን ያጠኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ የሲዲ4 ማነስና የሲዲ8 መብዛት ለረጅም ጊዜ ከቆየ የሆድ ትላትል ጋር የተያያዘ ነው። የአኗኗር አሻራ እንጂ የዘር ጉድለት አይመስልም። እንግዲህ ተራ የሕዋስ ቆጠራ እንኳ በትላትል ምክንያት ይህን ያህል ሊለይ ከቻለ፣ በዚያው ሕዋስ ላይ የተለጠፈ ምልክት ስለ አንድ ሰው የማሰብ ችሎታ ይመሰክራል ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው።

ከትላትል ሌላ ከፍታውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በደጋና በቆላ በሚኖሩ ኦሮሞዎች መካከል በአንዳንድ ዘረ መሎች ላይ የሜቲል ልዩነት አግኝቷል። እኛ ደግሞ እንጦጦ ሥር ነን።

ረሃብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ኔዘርላንድስ ላይ በወረደው ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላም የረሃቡ የሜቲል ምልክት በደማቸው ተገኝቷል። የ1977ቱ ድርቅ በከፋበት ጊዜ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩ የኛ ሕፃናት አድገው ቁመታቸው ሲለካ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው መገኘታቸውን ዴርኮንና ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የእነዚህ ሰዎች ደም ነገ ተመርምሮ «ዝቅተኛ» ቢባል የሚነበበው ችሎታቸው ነው ወይስ ያለፉበት ረሃብ? ይህን ሳይለዩ ቁጥር ማደል የተራበን ሰው ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

በደም የሚደረግ የአንጎል ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው የሚለኝ ባልደረባም አለ፤ እሱም ተሳስቷል። ከአልዛይመር ጋር የሚያያዘውን ፒ-ታው217 የተባለ ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በግንቦት 2017 ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ለሆኑና የመርሳት ምልክት ለታየባቸው ሰዎች፣ ከሐኪም ምርመራ ጋር ተዳምሮ እንዲታይ ነው። ለማን፣ መቼ፣ ከምን ጋር የሚለው ተለይቷል። ባለ ቀስቱ ወረቀት ላይ የጎደለው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን 14 መንስኤዎችን ብንቆጣጠር በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ድብርት፣ ጭስና የተበከለ አየር፣ ብቸኝነት፣ እንቅስቃሴ ማጣት ይገኙበታል። ሠራተኛን ከሥራው አስነስቶ ቤት ማስቀመጥ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በገዛ እጅ መጨመር ነው። ብዙዎቹን ለማወቅ ደም እንኳ መቅዳት አያስፈልግም፤ የግፊት መለኪያና የሚጠይቅ ሰው ይበቃል። ደም መቅዳት ካለብንም ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቢ12፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ይቀድማሉ፤ የተገኘባቸውን ማከም ይቻላልና።

ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ከውጭ የምትልኩ ልጆች፣ ገንዘባችሁን ለግፊት መለኪያ፣ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናና ለመስሚያ መሣሪያ አውሉት። ባልደረቦቼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው «ልኩ የማን ነው?» የሚለውን ሳትነግሩ አታሰናብቱ። በራሳችን ሰው ደም ተፈትኖ ልኩ እስኪወጣ ድረስ ይህ ምርመራ ለምርምር እንጂ ለፍርድ አይሆንም።