«ዘሯ ዝሆኔ አለበት» ተብሎ የሚፈርስ ትዳር

ፍቅር የያዘው ወጣት ፊት ስንት ዓይነት ግንብ ይደነቀራል! ገንዘብ አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ «የማን ልጅ ናት?» አለ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣው በሽታ ነው። ልጁና ልጅቷ ተዋደዋል እንበል፤ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል። ድንገት አንዲት አክስት ብቅ ትልና በጆሮ ታንሾካሹካለች። «የእናትየዋን እግር አይታችሁታል? ዝሆኔ እኮ ነው! ነገ የልጅ ልጆቻችሁ እግር እንደዚያ ሲሆን ልታዩ ነው?» በቃ! ሽማግሌው ይቀራል፣ ስልክ ቢደወል አይነሳም፤ ልጅቷም ምን እንዳጠፋች ሳይነገራት ቁጭ ብላ ትቀራለች።

ይህ የፈጠራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዝሆኔ በብዛት በሚታይባቸው የአገራችን ክፍሎች ጥናት ያካሄዱ ባለሙያዎች፣ ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ጤነኛ እህት ወንድሞቹ ጭምር ለጋብቻ ሳይፈለጉ እንደሚቀሩ በተደጋጋሚ ጽፈዋል። «የገጠር ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ የከተማ ልጆችም ቆይ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ የተካሄደ ቅኝት 345 ወረዳዎች በሽታው ያለባቸው መሆኑን አሳይቷል። የሕመምተኞቹም ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ስንታችን ነን አያታችን ወይ አጐታችን ከነዚያ ወረዳዎች ያልመጡ?

ዝሆኔ አንድ አይደለም

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ዝሆኔ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በሽታ ሁለት ነው። አንደኛው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጥቃቅን ትሎች የሚያመጡት ነው፤ ይሄ በአብዛኛው የቆላ በሽታ ነው። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝም ትልም ባክቴሪያም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። አብራችሁ ብትበሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ብትተኙ፣ እግሩን በእጃችሁ ብታጥቡለት አይዛችሁም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ዝናብ በማያጣው፣ አፈሩ ቀይ በሆነ አገር የሚታየው ይሄኛው ነው። አክስቲቱ ያንሾካሾከችበትም ይሄው ነው።

ስለ መነሻው ያልተባለ ነገር የለም። «እባብ ረግጦ ነው» የሚል አለ፣ «እርግማን ነው» የሚል አለ፣ «ከዘር ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበዛል። እውነቱ የተገኘው ከእግር በታች ነው።

ጥፋተኛው የቱ ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በሽታ ሲከታተል ከረመ። የሕመምተኞችን የሊምፍ ዕጢ በማጉያ መሣሪያ ሲመረምር ያገኘው ጉድ ነው፤ የአፈር ብናኝ! በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው የማዕድን ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «እግር»ን እና «አቧራ»ን ያጣመረ ነው።

ብናኙ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ የሰውነት ዘበኞች፣ ማለትም በሽታ የመከላከያ ሴሎች፣ «ሌባ ገባ!» ብለው ይነሳሉ። ግርግሩ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚፈስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆስላሉ፣ ይደፈናሉ። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ላይ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የእግር ጀርባ ማሳከክ፣ ማታ ማታ ማቃጠል፣ ከዚያ ማበጥ… ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ይጀምራል። ልክ ሰው ለአቅመ ፍቅር ሲደርስ!

ታዲያ ደም የለበትም?

አለበት። እዚህ ላይ አክስቲቱ ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረችው።

አስቡት እስቲ። በአንድ ቀበሌ ሁሉም በባዶ እግሩ ያርሳል፣ ሁሉም ያንኑ ቀይ አፈር ይረግጣል። ወላይታ ውስጥ የተካሄደ አንድ የቆየ ጥናት ግን ከ100 ሰው በበሽታው የተያዙት 5 ያህል ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ሌሎቹስ ለምን ተረፉ? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎቹን ወደ ዘር ወሰዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ 59 ቤተሰቦችን ትውልድ በትውልድ የተከታተለ ጥናት፣ የሕመምተኛ እህት ወይም ወንድም በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 63 ያህሉም ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን ገመተ።

ከዚያ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ትልቁ ዜና ወጣ። የጥናቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ኢትዮጵያዊ ነው። ቡድኑ ከወላይታ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ወስዶ በእያንዳንዳቸው ዲኤንኤ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን አነጻጸረ። ልዩነቱ የታየው ኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት በሚባለው የጂን ሠፈር ላይ ነበር። ይህ ሠፈር ምን ይሠራል መሰላችሁ? ቅድም ላነሳናቸው ዘበኞች «ይሄ የቤት ሰው ነው፣ ያኛው ባዕድ ነው» ብሎ መታወቂያ የሚያሳይ ነው። አንዳንድ ዓይነት ኤች.ኤል.ኤ. የያዙ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የነዚህ ሰዎች ዘበኛ የአፈሩን ብናኝ ሲያይ ከሌላው ሰው ዘበኛ ይልቅ ይቆጣል እንደማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! የሚወረሰው በሽታው አይደለም። የሚወረሰው ለአፈሩ ቶሎ የሚቆጣ ዘበኛ ነው። ሌባ ያልገባበት ቤት ዘበኛው በማን ላይ ይጮኻል? ብናኙ ካልገባ ያ ጂን ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል። «ከመቶ 63» የሚለውንም ሰምታችሁ «ልጄ 63 ከመቶ ይታመማል» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ቁጥሩ አፈሩን በባዶ እግራቸው በሚረግጡ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚናገረው። ስለ አንድ ልጅ ዕጣ አይናገርም። አምስት እጥፍ የተባለላቸው እህት ወንድሞችም በአንድ ማጀት ያደጉ፣ አንድ ማሳ ላይ የዋሉ ናቸው።

ማስረጃ ካስፈለገ አውሮፓን ተመልከቱ። ይህ በሽታ በድሮ ጊዜ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ፣ በሰሜን አፍሪካም በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሞሮኮ ነበረ። ዛሬ የለም። የፈረንሳይ ሰው ደሙን አልቀየረ፤ ጫማ አደረገ፣ በሽታውም ሄደ!

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶች። በዚህ በሽታ ላይ ግን ጫማ ከዘር ይበረታል።

አጉል እምነት የሚያመጣው ጦስ

«ከዘር ብቻ ነው» የሚለው ወሬ ትዳር አፍርሶ አያቆምም። በሽታው ባለበት ቤት የተወለደ ልጅ «በደሜ ካለ ጫማ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ባዶ እግሩን ይሄዳል። ጐረቤቱ ደግሞ «በእኛ ዘር የለም» ብሎ እሱም ባዶ እግሩን ይሄዳል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም እግራቸውን ለአፈሩ ሰጥተዋል። የታመመው ሰው በበኩሉ በሐፍረት እግሩን ይሸፍናል፣ ከለቅሶ ቤት ይቀራል፣ ከትምህርት ይቀራል፣ ጤና ጣቢያም ሳይሄድ በሽታው ይብስበታል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

የምትወዱት ሰው ቤተሰብ ውስጥ ይህ በሽታ ካለ በዚህ ምክንያት ብቻ ፍቅራችሁን አትቅበሩ። እናንተ የምትወልዱት ልጅ ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ ጫማና ካልሲ ካደረገ፣ እግሩንም በውሃና በሳሙና ከታጠበ ይህ በሽታ ሊያስፈራችሁ አይገባም። ክረምት ወደ አያቱ አገር ሲሄድ ግን «እዚያ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው የሚጫወት» ተብሎ ጫማው እንዳይወልቅ! «የጂን ምርመራ ይምጣ» የሚልም ካለ መልሱ አጭር ነው። ጂኑን ይዞ ሳይታመም የሚኖር ብዙ ነው፤ ምርመራው ምንም ቢል ደግሞ መፍትሔው ያው ጫማ ነው።

ቤተሰባችሁ ውስጥ በሽታው ያለባችሁ ደግሞ አትደብቁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ፍቅሩ ገና ሲጠና ለጓደኛችሁ በራሳችሁ አፍ ንገሩ። ከአክስት ጆሮ ጠቢ ይልቅ ከእናንተ መስማት ይሻለዋል። ስትናገሩም ግማሹን አትተዉ፤ «እናቴ ዝሆኔ አለባት፤ በባዶ እግር ካደጉበት አፈር የመጣ ነው፤ አይተላለፍም» በሉ። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ካለ በጊዜ መሸሹ ነው።

እናትየዋንም አትርሱ! ሕክምና አለ። በየቀኑ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ጤና ባለሙያ ባዘዘው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ አስፈላጊ ከሆነ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ምሥራቅ ጐጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ የጀመሩት ሰዎች ካልጀመሩት ይልቅ አልጋ ላይ የሚጥለው ትኩሳትና ሕመም እንደቀነሰላቸው አረጋግጧል። እብጠቱ ገና ለስላሳ ሳለ ከተጀመረ ደግሞ ውጤቱ የተሻለ ነው።

ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባውም፤ ለዚህም ነው ብዙ እናቶች በባዶ እግራቸው የሚቀሩት። በልክ የሚሰፋ ሰፊ ጫማ ግን አለ። ወላይታ ሶዶ ላይ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ሙያውን ተምረው ሲሰፉ ኖረዋል። ስለዚህ ለመጪው በዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ የእናታችሁን እግር በወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ለኩና ያዙት። ለጫማ ሰፊ ስጡት። አማች ሊሆን ያሰበው ልጅ ቁም ነገረኛ ከሆነማ ሒሳቡን እሱ ይክፈል!