ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ዘይቱ ይታይ

በማኅበር ስም የተመዘገበ አሮጌ ፒክአፕ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ሲል፣ ሾፌሩ ለኮሚቴው የሚያመጣው ወሬ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ካምቢዮው አልቋል»። መካኒኩም ካምቢዮው ይውረድ ይላል፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ የአባላቱን ገንዘብ ያጸድቃል። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ግን ከዚህ ውሳኔ በፊት በአንድ ነጭ ጨርቅና በግማሽ ሰዓት ጊዜ ሊታወቅ የሚችል ነገር አለ።

አታት ከወልቂጤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ በኩል ትገኛለች። ስሟን ያስጠራው በ1969 (እ.ኤ.አ.) በሕክምና ሚሽን እኅቶች የተቋቋመው ሆስፒታል ነው። በገጠር ፒክአፕ ማዳበሪያና ቆጮ ብቻ አይጭንም፤ አንዳንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴትም ትሳፈርበታለች። ሆስፒታሉ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) የነበረው መዝገብ ተጠንቶ እንደታየው፣ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በማቆያው ከቆዩት እናቶች የሞቱት 90 ያህል ሲሆኑ፣ በማቆያው ሳያልፉ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ያህል ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ በመኪና ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ዘግይቶ መድረስ ምን እንደሚያስከፍል ያመለክታል። የመውለጃ ጊዜዋ የተቃረበ እናት ቀድማ ማቆያ እንድትገባ ማድረግ አንዱ ሥራ ነው፤ ድንገት ለሚመጣው ችግር ደግሞ መኪናው ዳገት ላይ እንዳይቀር መጠበቅ ሌላው ነው።

የእግር ፍሪሲዮን ባለው ካምቢዮ የዘይቱ ዋና ተግባር ጥርሶቹን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ግን የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ የሚያስተላልፈው፣ ማርሽ የሚለውጠው፣ በውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ዲስኮች አጥብቆ የሚያስይዘውና ሙቀት የሚያወጣው ያው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፖምፓው አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዲስኮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። መንሸራተቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ዲስኮቹን ያቃጥላል። ስለሆነም ዘይት የጎደለው ካምቢዮና ውስጡ ያለቀ ካምቢዮ በመጀመሪያ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው በጥቂት ሊትር ይድናል፤ ሁለተኛው አይድንም። በአንደኛው ላይ ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብሎ መንዳት ደግሞ ወደ ሁለተኛው ያደርሰዋል።

ዘይቱ የሚለካው እንደ ሞተር ዘይት ሞተር አጥፍቶ አይደለም፤ ብዙ ሾፌሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር፣ መኪናው ካምቢዮው እስኪሞቅ ድረስ ይነዳል፤ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ከዚያም እግር ፍሬን ላይ እንዳለ የማርሹ ዘንግ ከፒ ተነሥቶ በየማርሹ ጥቂት እየቆመ እስከ መጨረሻው ወርዶ ወደ ፒ ይመለሳል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መለኪያው ተስቦ ይጠረጋል፤ እንደገና ገብቶ ይወጣል፤ የሚነበበውም በሙቅ ምልክቱ ላይ ነው። ከምልክቱ በላይ መሙላትም ጉዳት አለው፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራና ካምቢዮው እንደ ጎደለው ሁሉ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ይንጠብ። በአሮጌ መኪኖች የተለመደው ዴክስሮን የተባለው ዘይት ሲገዛ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ዲስኮቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። ወተት እንደተቀላቀለበት ሮዝ ከሆነ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሊነዳ አይገባም። ቀለሙ ደኅና ሆኖ መጠኑ ብቻ ከጎደለ ግን ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት ቱቦዎች፣ የኮፓው ጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮዎቹ ይፈተሹ። የሚጨመረው ዘይት ዓይነት በመለኪያው ወይም በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ በሱቅ የተገኘ የሞተር ዘይት አይተካውም። ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ሽቦ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ሽቦው ከላላም ግፊቱ ስለሚቀንስ ካምቢዮው ይንሸራተታል። ይህ ደግሞ ሽቦውን በትክክል በመወጠር የሚስተካከል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮፓው ይፈታል። ይህ የማኅበሩ ተወካይ በተገኘበት ቢሆን ይመረጣል። በኮፓው ውስጥ ባሉት ማግኔቶች ላይ የተለጠፈ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ የዕድሜ ምልክት ስለሆነ አያስደነግጥም። የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን መካኒኩ ልክ ነው፤ ካምቢዮው ይውረድ። ስብርባሪ ከሌለ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ ይለወጣሉ። ኮፓው ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ከፊሉ ብቻ እንደሆነና የቀረው በውስጥ እንደሚቆይ ይታወቅ፤ ስለዚህ አዲሱ ዘይት በወጣው ልክ ይሞላና እንደገና ይለካል።

«ዘይት ሲቀየር ካምቢዮ ይሞታል» የሚለው አባባል በየጋራዡ ይሰማል። እንዲህ ያለው ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ የተቀየረለት ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ጥፋቱም የአዲሱ ዘይት ሳይሆን የቆየው ቸልተኝነት ነው።

ባትሪ ሲደክም የመንደሩ ወጣት ተጠራርቶ መኪና መግፋቱ የቆየ ደግ ልማድ ቢሆንም፣ በአውቶማቲክ ላይ ከንቱ ድካም ነው። ፖምፓውን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ የጎማው መዞር በአብዛኞቹ ሞተሩን አያስነሣም። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ የጠፋ አውቶማቲክ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እየነኩ እስከ ወልቂጤ ቢጎተት፣ ደኅና የነበረው ካምቢዮ ዘይት ሳይደርሰው መንገድ ላይ ይበላሻል። በጭነት መኪና ላይ ይጫን፤ ያ ካልተገኘ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ከተፈታ በኋላ ይጎተት።