የዓሣው ሕመም ምልክት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ዓሣ ሲታመም አይጮኽም። የሚናገረው በአዋዋኙ፣ በአተነፋፈሱና በቆዳው ነው። ምልክቱን አሳስቶ ያነበበ ሰው ጤነኛውን ዓሣ መድኃኒት ውስጥ ይዘፍቀዋል፤ ለታመመው ደግሞ ምግብ ይጨምርለታል። በቤታቸው የዓሣ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚሉትን እየመዘዝን እንየው።

«ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት ዓሣ እርቦታል»

ተረት ነው፤ ያውም ዓሣ የሚገድል ተረት። የተራበ ዓሣ ሰው ሲጠጋ ይመጣል፣ ምግብ ሲያጣ ይመለሳል። ውኃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያቋርጥ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የስንጥቡ ክዳን ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ዓሣ ግን አየር አጥሮታል። ወደ ላይ የሚወጣው ከአየር ጋር የሚገናኘው ስስ የውኃ ንጣፍ የተሻለ ኦክስጅን ስላለው ነው። ምግብ ሲጨመርበት ደግሞ ያልተበላው ይበሰብስና የተረፈችውን ኦክስጅን ይሻማዋል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 6 ነው። ስለዚህ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ አገር መመሪያ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ቁጥሩን መቀነስ ይሻላል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ፊልተሩም ኤር ፓምፑም ይቆማሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ከሌለ፣ ከገንዳው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር ብዙ ዓሣ ያተርፋል።

ኦክስጅኑ ሳይጎድልም እንዲህ የሚያለከልክ ዓሣ አለ። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል፤ ናይትራይት ደግሞ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ስንጥቡም ከቀይነት ወደ ቡናማ ይለወጣል። በሌላ በኩል ቤታና ጉራሚ አየር በቀጥታ የሚተነፍሱበት ተጨማሪ አካል አላቸው። ኮሪዶራስም ድንገት ሽቅብ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ይመለሳል። እነዚህ ላይ ነገሩ የጤና ነው።

«ውኃው ኩል ከመሰለ ችግር የለም»

ተረት። አሞኒያ ዓሣ በሚገድልበት መጠን እንኳ በዓይን አይታይም። አዲስ ገንዳ ገዝቶ በማግስቱ ዓሣ የሞላበት ሰው ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ ዓሣዎቹ በተከታታይ ሲሞቱበት «በሽታ ገባብኝ» ይላል። የጎደለው ግን የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ዓሣው ሲደክም ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ፣ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር ማጠብም ያው ጥፋት ነው፤ ክሎሩ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። ከውኃው ሩቡን ወይም ሲሶውን መቀየር ይበቃል። ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ይለቅለቅ። ከመድኃኒት በፊት የሚገዛው የውኃ መመርመሪያ ነው፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው።

«ነጩ ነጥብ ከጠፋ ዓሣው ድኗል»

ይህን የሚያምን ሰው ብዙ ነው፣ ግን ተረት ነው። ኢክ የሚባለው በሽታ የጨው ቅንጣት የተነሰነሰበት በሚመስል ሁኔታ ክንፍና ገላ ላይ ይወጣል። ነጥቡ ከመታየቱ በፊት ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ ይዋኛል፣ ጎኑን በድንጋይ ይፈትጋል፤ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው የሚነቃው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከቆዳው ሥር ገብቶ የሚመገብ ጥገኛ ተባይ ነው። ሲጠግብ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ገንዳው ወለል ላይ ወርዶ ራሱን በሽፋን ይጠቀልላል፤ እዚያም በመቶዎች ይከፋፈላል። የተፈለፈሉት ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በ2 ቀን ገደማ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው። ቆዳ ሥር ያለውንም ሆነ የተጠቀለለውን አይነካውም።

ስለዚህ ነጥቡ ሲጠፋ ተባዩ ወለሉ ላይ እየተባዛ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ያኔ ያቋረጠ ሰው ከቀናት በኋላ ከቀድሞው የበዛ ነጥብ ያያል። ሕክምናው የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ቀናት መቀጠል አለበት። በሞቃት ውኃ ዑደቱ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የአዲስ አበባ ብርድ ሌሊት፣ በተለይ ሂተር በሌለበት ወይም መብራት በሄደበት ቤት፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የለመደውን ዓሣ አድክሞ ለዚህ በሽታ ያጋልጠዋል።

ነጭ ነጥብ ሁሉ ኢክ አይደለም ታዲያ። ወንድ ጎልድፊሽ በመራቢያ ወቅቱ የስንጥብ ክዳኑና የፊት ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ጉብታዎች ያወጣል። ሌላ ቦታ ከሌለ፣ ዓሣውም ንቁ ከሆነ፣ እባክዎ አያክሙት።

«ሙቀት መጨመር ለማንኛውም ሕመም ይበጃል»

ለኢክ እውነትነት አለው፤ ሙቀት ዑደቱን ያፋጥናል፣ ቀስ በቀስ ከተጨመረና ዓሣው ከቻለው ይረዳል። ነገር ግን አፉ ዙሪያ ወይም ጀርባው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር የወጣበት ዓሣ ሁልጊዜ ፈንገስ የያዘው አይደለም። ኮለምናሪስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲሞቀው ይበልጥ ይፈጥናል። የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ለሰው የታዘዘ አንቲባዮቲክ ከካፕሱል አውጥቶ ገንዳ ውስጥ መበተንስ? በግምት የሚደረግ ነው፤ የፊልተሩን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ፣ መድኃኒቱን የለመደ ጀርምም ሊፈጥር ይችላል።

«ሆዱ የተነፋ ዓሣ እንቁላል ይዟል»

አንዳንዴ። ከላይ ወደ ታች ይመልከቱት፦ ቅርፊቶቹ ከገላው ተነጥለው ከቆሙ ፈሳሽ በሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሟል፤ ብዙ ጊዜም ኩላሊቱ ተጎድቷል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ከደረሰ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ ማስገባቱ ግን ሌሎቹን ይጠቅማል።

ሌላም የሚያሳስት ምልክት አለ፦ ሎች የተባለው ዓሣ በጎኑ ተጋድሞ ቢያርፍ፣ ኒዮን ቴትራ ሌሊት ቀለሙ ቢደበዝዝ ሕመም አይደለም። መብራት ከበራ በኋላም ቀለሙ ካልተመለሰ ግን ይከታተሉት።

«የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም»

ለአብዛኞቹ እውነት ነው፤ ኢክ ሰውን አይነካም። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ግን በቆሰለ እጅ ይገባል። ዓሣው ላይ መክሳት፣ የማይድን ቁስል ወይም የአከርካሪ መጣመም ሊያሳይ ይችላል። ሰው ላይ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ጣት ወይም እጅ ላይ ቀላ ያለ፣ የማይድን እባጭ ይሆናል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። እጅዎ ላይ ጭረት ካለ ገንዳውን በጓንት ያጽዱ። እንዲህ ያለ እባጭ ከወጣብዎ ለሐኪምዎ ቤትዎ የዓሣ ገንዳ እንዳለ ይንገሩ፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ከተለመደው ዝቅ ባለ፣ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት መራባት ስላለበት፣ ካልተነገራቸው ሊያልፋቸው ይችላል።