ቡናውን የሚለየው ንፋስ፣ ንፋሱን የሚያጠራው ፊልትሮ

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡና ከሰቃ የሚመጣ ቡና ጥራቱ የሚጀምረው ከማሳው ነው። እሸቱ ቀይ በቀዩ መለቀም እንዳለበት፣ ጀንፈሉ መሬት ላይ እንደማይሰጣ፣ በአልጋ ላይ እየተገላበጠ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ መድረቅ እንዳለበት የአካባቢው አርሶ አደር ከግብርና ባለሙያው ባላነሰ ያውቃል። ብዙም የማይነገርለት፣ ቡናው ከአርሶ አደሩ እጅ ከወጣ በኋላ የሚያልፍበት የማሽን ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የተረሱት ፊልትሮዎች ናቸው።

ቡና ከተቀሸረ በኋላ ጥቁሩን፣ የኮመጠጠውንና በነፍሳት የተበላውን ፍሬ ለይቶ ማውጣት ለረጅም ዘመን የሴቶች የእጅ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም በብዙ መጋዘን ሥራው በእጅ ነው። ቡና ለውጭ ገበያ በሚያዘጋጁ ትላልቅ ድርጅቶች ግን ከለር ሶርተር የሚባለው ማሽን ገብቷል። ቡናው በአሸንዳ ላይ ቁልቁል ሲንሸራተት ካሜራ እያንዳንዱን ፍሬ ያያል። ቀለሙ ያልተስማማ ፍሬ ሲያጋጥም አንዲት ትንሽ ቫልቭ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተከፍታ ትዘጋለች፤ ፍሬውን በንፋስ እፍ ብላ ከመስመሩ ታስወጣዋለች።

እንግዲህ ይህ ንፋስ ቡናውን በቀጥታ ይነካል። ንፋሱ ውሃ ከያዘ ቡናውን ያረጥባል፤ ዘይት ከያዘ ቡናው ላይ ይረጫል። ቫልቮቹም ዘይትና ብናኝ ተደባልቆ ሲለጠፍባቸው ይዘገያሉ። ቫልቭ ሲዘገይ ጥቁሩ ፍሬ ያልፋል፣ አጠገቡ የነበረው ደህና ፍሬ ይጣላል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው ካሜራውን ነው።

ንፋሱን የሚሰጠው በአብዛኛው ስክሩ ኮምፕሬሰር ነው። በውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዙ ሁለት ወፋፍራም ዘንጎች ጥርስ ለጥርስ ገጥመው ይሽከረከራሉ፤ በመካከላቸው የገባው አየር እየተጨመቀ ይወጣል። ጎማ ቤት ከምናውቀው የፒስተን ኮምፕሬሰር የሚለየው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ መሥራት መቻሉ ነው። ዘንጎቹን ለማቀዝቀዝና ክፍተታቸውን ለመድፈን አብዛኞቹ ስክሩዎች ውስጥ ዘይት ይረጫል። የሚወጣው አየር ታዲያ ሙቀት፣ ውሃና ዘይት ተሸክሞ ይወጣል።

የውሃው መጠን ቀላል አይደለም። በደቂቃ 5 ሜትር ኩብ አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ይስባል። 25 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ባለበት ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 16 ግራም ያህል ውሃ ይዟል። ይህ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ደግሞ ወደ 40 ሊትር ይጠጋል። ጅማ በዓመት 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ በለምለምነቷ የምትታወቅ ከተማ ናት። ቡናው የሚለቀመው በደረቁ ወራት ቢሆንም ማበጠሩና ማዘጋጀቱ እስከ በልግና ክረምት ዝናብ ሊዘልቅ ይችላል። አርሶ አደሩ ሁለት ሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ ያደረቀውን ቡና እርጥብ ንፋስ መልሶ ሲነካው ማየት ያሳዝናል።

ከዚህ ውሃ አብዛኛው አየሩ ሲቀዘቅዝ በታንከሩ ሥር ይጠራቀማል። ማስወጫው ቧንቧ በየቀኑ ካልተከፈተ ግን ተመልሶ ወደ መስመሩ ይገባል። በእንፋሎት መልክ የቀረውን የሚይዘው ማድረቂያው ነው፤ ባለሙያዎቹ ድራየር ይሉታል። አሠራሩ ከቤት ፍሪጅ አይለይም። በጋዝ የሚሠራ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው፤ የተጨመቀውን አየር ወደ 3 ዲግሪ ያወርደዋል፣ እንፋሎቱም ወደ ጠብታ ተለውጦ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ መምታታት አለ። ጋራዥ ቤት “ፊልትሮው ተቀይሯል” ሲባል ሰው የሚያስበው የአየሩን ወይም የዘይቱን ፊልትሮ ነው። በድራየሩ የጋዝ መስመር ላይ ግን ከመዳብ ወይም ከብረት የተሠራ፣ ጣት የሚያህል ሌላ ፊልትሮ አለ። በውስጡ እርጥበት የሚመጥ ንጥረ ነገር ተሞልቷል። ሥራው በጋዙ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት እርጥበትና ቆሻሻ መያዝ ነው። ጥቂት መባሉ አያታልል፤ ያቺው ጥቂት ውሃ በቀጭኑ የጋዝ ቧንቧ ጫፍ በረዶ ሆና መስመሩን ትዘጋለች፣ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዳም አሲድ ትፈጥራለች። አሲዱ ቀስ እያለ የማቀዝቀዣውን ሞተር ሽቦ ይበላል።

ለዚህ ነው የጋዝ መስመር በተከፈተ ቁጥር ይህ ፊልትሮ መቀየር፣ መስመሩም በቫኪዩም ፓምፕ መጠረግ ያለበት። ጋዝ ብቻ ሞልቶ መሄድ ለጊዜው ርካሽ ነው። ወጪው የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ነው። የተዘጋ ፊልትሮን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በጤናው ሲሠራ ለእጅ ለብ የሚለው ፊልትሮ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ከቀዘቀዘ ወይም ላብ ካወጣ መዘጋት ጀምሯል። ሥራውን ግን ለፍሪጅ ባለሙያ መተው ይሻላል። ከእነዚህ ጋዞች አንዳንዶቹ፣ አር 134ኤ የሚባለውን ጨምሮ፣ ወደ አየር ሲለቀቁ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ ሙቀት የማመቅ ኃይል ስላላቸው ዓለም በ2009 ዓ.ም ኪጋሊ ላይ አጠቃቀማቸውን ለመቀነስ ተስማምቷል።

ዘይቱን በተመለከተ የመጀመሪያው ወንፊት በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ሴፓሬተር ነው። ደህና ሴፓሬተር በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ3 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ዘይት ያሳልፋል። ከላይ በጠቀስነው ኮምፕሬሰር ይህ በቀን 7 ግራም ገደማ ነው። ከድራየሩ በኋላ የሚገጠመው ረቂቅ ፊልትሮ ይህን ወደ መቶኛ ሚሊ ግራም ያወርደዋል። ይህ ፊልትሮ ከሌለ ወይም ካለፈበት፣ 7 ግራሙ በየቀኑ ወደ ቫልቮቹና ወደ ቡናው ይሄዳል።

ሰባት ግራም ምን ያደርጋል የሚል ካለ የቡና ገበያን ታሪክ ያስታውስ። በ2000 ዓ.ም ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን ገታ አድርጋ ነበር፤ ጥርጣሬው በኋላ ያረፈው በጆንያው ላይ ነው። ከዚያም በፊት ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት የቡናና የካካዎ ጆንያ በማዕድን ዘይት ሳይሆን በአትክልት ዘይት እንዲሠራ መመዘኛ አውጥቷል። ቡና በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል፤ ቀማሹም ያገኘዋል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ቡናው ከየት እንደመጣ መከታተል የበለጠ ትኩረት አግኝቷል። በማሽን ክፍል የተበላሸ ቡና ስሙን የሚያጠፋው የአጋሮን ወይም የሊሙን አርሶ አደር ነው።

በአካባቢያችን ለፊልትሮ የከፋው ጠላት ገለባ ነው። መቀሸሪያው አጠገብ የቆመ ኮምፕሬሰር የቡና ገለባ ብናኝ ይስባል፤ አምራቹ 2 ሺህ ሰዓት ያገለግላል ያለው የአየር ፊልትሮ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይታፈናል። መካከላቸው ግድግዳ አቁሞ፣ አየሩን ከውጭ፣ ገለባው ከሚከመርበት በተቃራኒ በኩል ማስገባት ነው መፍትሔው። የታፈነ ፊልትሮ በመብራት ሂሳብም ይታያል፤ ኮምፕሬሰሩ አንድ ባር ግፊት ጨምሮ እንዲሠራ ሲገደድ የሚወስደው ኃይል ከ6 እስከ 7 በመቶ ያድጋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ጥንቃቄ ያሻል። ድራየሩ ለመቀዝቀዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ከኮምፕሬሰሩ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መነሣት አለበት። ሁለቱ እኩል ከተነሡ የመጀመሪያው ንፋስ ሳይደርቅ ቡናው ላይ ይደርሳል። ወዲያው ጠፍቶ ወዲያው ማስነሣትም የድራየሩን ሞተር ይጎዳል።

ማሽን ለመግዛት የሚያስቡ ማኅበራት ሻጩን ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። በካታሎግ ላይ ያለው መጠን በባሕር ጠለል የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ በምትገኘው ጅማ አየሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ስሌቱ ለጅማ ይሠራላቸው። ዘይቱ ለምግብ ንክኪ የተፈቀደ ዓይነት መሆኑን፣ ድራየሩና ረቂቁ ፊልትሮ በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ። የሁለት ዓመት መቀየሪያ ፊልትሮም ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ፤ የጋዙ ፊልትሮ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ይጻፍ።