ቀብድ የተከፈለበት ቤት
በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአብዛኛው ውል ወረቀት አይጠይቅም። ጤፍ በኩንታል ለመሸጥ የተስማማ ነጋዴ በቃሉ ብቻ ይታሰራል።

ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ይጠብቃል። ሻጭና ገዢ በጽሑፍ ተዋውለው፣ ሁለት ምስክር አስፈርመው፣ ቀብድ ቢቀባበሉም የሕጉ ቁጥር 1723 አይረካም፤ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል መመዝገብ አለበት። የቤት ዋጋ ሲንር ቃሉን ማጠፍ የሚሻ ሻጭ የሚመዘው ይህችን ቁጥር ነው።

ቁጥር 1678 ከፎርሙ ሌላ የተዋዋዮችን ችሎታ፣ እንከን የሌለበት ፈቃድ፣ በበቂ ሁኔታ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ጉዳይ ይፈልጋል። ፈቃድን በተመለከተ፣ አባትን አክብሮና ፈርቶ መፈረም ግን (ብዙዎችን ይገርማል) አባትየው ከመጠን ያለፈ ጥቅም ካላገኘ በቀር ውል አያፈርስም።

ቤት የምትገዙ፣ ቀብዱን ከመቁጠራችሁ በፊት ውላችሁን አስመዝግቡ።